ለአሮጌ መኪና የደህንነት ቀበቶ ሲገጠም፦ ከቀበቶው በፊት ብረቱ ይመርመር

በጎንደር፣ በደሴና በባሕር ዳር ጎዳናዎች ላይ ቮልስ ወይም የድሮ ፔጆ ማየት ዛሬም ብርቅ አይደለም። ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል ደግሞ አባት ለልጅ ያወረሰው ላንድሮቨር እህልና ሰው ጭኖ አቀበቱን ሲያያዘው ይታያል። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የደህንነት ቀበቶ አልነበራቸውም። የነበራቸውም ቢሆኑ ቀበቷቸውን ፀሐይ በልቶታል፤ አለዚያም ወንበሩ እንደገና ሲለበስ ተፈትቶ በዚያው ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በእጅ ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየት ይበልጥ ትርጉም ያለው ጉዳይ ሆኗል። ጠግኖ ማቆየት ከተባለ ደግሞ በውስጡ የሚቀመጠውን ሰው ጉዳይ ወደ ጎን መተው አይቻልም።

ቀበቶ የሌለውን መኪና ቀበቶ እንዲኖረው ማድረግ ይቻላል። አስቸጋሪው ነገር ሥራው ቀላል መምሰሉ ነው። ቀበቶው ከመለዋወጫ መደብር ይገዛል፤ ወለሉ በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ ቡሎኑ ከነሮንዴላው ገብቶ ከሥር በዳዶ ይጠብቃል። ሁሉም ነገር በግማሽ ቀን ያልቃል። በእጅ ሲጎትቱት ንቅንቅ አይልም። በግጭት ጊዜ ግን ያ ቡሎን ሮንዴላውን ይዞ ስሱን ላሜራ ቀድዶ ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ የታሰረው ሰው ካልታሰረው የሚለየው ታስሬአለሁ ብሎ ተማምኖ መንዳቱ ብቻ ይሆናል።

ነገሩን በኩንታል ማስላት ሳይሻል አይቀርም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ከግንብ ጋር ሲጋጭ በውስጡ ያለው ሰው የሚደርስበት ምት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደ መሬት ከመውደቅ ጋር እኩል ነው። ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው በዚህ ፍጥነት ሲጓዝ ቆይቶ በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲቆም ቢደረግ፣ እርሱን ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል በአማካይ ከ13 ኩንታል በላይ ክብደትን የሚመጥን ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ሦስት ቡሎኖችና ቡሎኖቹ የገቡበት ብረት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 14 የቀበቶ ማሰሪያ ቦታዎች እንዴት እንደሚፈተኑ ይደነግጋል። ለቤት አውቶሞቢል በወጣው ፈተና የትከሻው ክፍልና የወገቡ ክፍል እያንዳንዳቸው ወደ 14 ኩንታል በሚጠጋ ኃይል በአንድ ጊዜ ይጎተታሉ፤ ማሰሪያውም መልቀቅ የለበትም። በእጅ ጎትቶ «ጠብቋል» ማለት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚያስተማምን አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

በዚሁ ስሌት በእናቱ ጭን ላይ የተቀመጠ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን በቅጽበት ወደ ሁለት ኩንታል ይከብዳል። ሁለት ኩንታል በክንዱ የሚያቆም ሰው የለም። ቀበቶውን በእናትና በልጅ ላይ አንድ ላይ ማሰርም መፍትሔ አይሆንም፤ የእናቲቱ ክብደት ሕፃኑን ከቀበቶው ጋር ያጣብቀዋልና።

ዛሬ በየመኪናው የሚታየውን በትከሻና በወገብ የሚያልፍ ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የሠራው ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነው። ቦሊን ወደ ቮልቮ ከመምጣቱ በፊት በሳብ ኩባንያ አብራሪን ከአውሮፕላን አስፈንጥሮ የሚያወጣ መቀመጫ ላይ ይሠራ ነበር። ቮልቮ ቀበቶውን እ.ኤ.አ. በ1959 በመኪኖቹ ላይ መግጠም ሲጀምር የፈጠራ መብቱን ለሌሎች አምራቾች ክፍት አደረገው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ማሰር በመኪና ውስጥ ያሉ ሰዎችን የመሞት አደጋ እስከ 50 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ይህ ውጤት የሚገኘው ግን በትክክል ከታሰረና ከጠንካራ አካል ጋር ከተያያዘ ቀበቶ ነው።

ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከመደብር ሳይሆን ከመኪናው ሥር ነው። ምንጣፉና ወንበሩ ይነሣሉ፤ ወለሉና የጎን ምሰሶዎቹ በመዶሻ እየተቆረቆሩ ይፈተሻሉ። ድምፁ ከደነዘዘ ወይም ብረቱ ከተሰነጠቀ ቀበቶ ከማሰብ በፊት ባቲላሜራው የበላውን ላሜራ ቆርጦ በአዲስ መተካት አለበት። በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ዓይንን ያታልላል እንጂ ኩንታል አይሸከምም።

የቮልስ ባለቤቶች በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው ማለት ይቻላል። ፋብሪካው ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ በሠራቸው በርካታ ቮልሶች ላይ ለቀበቶ የሚሆኑ ጥርስ የወጣላቸው ቀዳዳዎች በበሩ ምሰሶና በወለሉ ላይ ትቷል። ቀዳዳዎቹ በፕላስቲክ ቆብ ወይም በልባስ ተሸፍነው ስለሚኖሩ ባለቤቱ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳያያቸው ሊቀር ይችላል። አዲስ ቀዳዳ ከመብሳት በፊት እነርሱን መፈለግ ይገባል። ቮልስ ግን የታወቁ ደካማ ቦታዎችም አሉት፦ በበሮቹ ሥር የሚያልፈው የሙቀት ማስተላለፊያ ቦይና ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል። ባትሪው የሚያንጠባጥበው አሲድ ብረቱን ከሥር ይበላዋል። የፊት ቀበቶ የውጭው የታች ማሰሪያም ከዚያው ቦይ አጠገብ ስለሚውል፣ ቦይው የዛገ ቮልስ ቀዳዳ ቢኖረውም አስተማማኝ ማሰሪያ አለው አይባልም። ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል በፊት የተሠሩት ቮልሶች መሪ በግጭት ጊዜ የሚታጠፍ ዘንግ የለውም፤ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ወደ ሾፌሩ ደረት ይመጣል። ለእነዚህ መኪኖች ሾፌሩን ከመሪው አርቆ የሚያቆየው ብቸኛ ነገር ቀበቶው ነው።

ላንድሮቨር ሌላ ጠባይ አለው። የውጭ አካሉ በአብዛኛው የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ ወንበሩ የተቀመጠበት ሣጥንም እንዲሁ። አሉሚኒየሙ እንደ ብረት ስለማይዝግ ጤናማ መስሎ ይታያል፤ የቀበቶ ቡሎን ግን ሊሸከም አይችልም። የታች ማሰሪያዎቹ በጠንካራ የብረት መያዣ አማካይነት እስከ ሻንሲው ድረስ መውረድ አለባቸው። የላይኛው ማሰሪያም በሸራ ወይም በሚነቀል ጣሪያ ላይ አይታሰርም፤ ከሻንሲ ጋር የተያያዘ የብረት ምሰሶ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ከአንድ ቀን በላይ የሚወስድና ከቀበቶው ዋጋ በላይ የሚያስወጣ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አቋራጭ የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው የላንድሮቨርና የድሮ ላንድክሩዘር የኋላ ክፍል ነው። በገጠር መንገድ ብዙ ሰው የሚጓዘው እዚያ ሲሆን፣ መቀመጫዎቹ ፊት ለፊት ሳይሆኑ ጎን ለጎን የሚተያዩ አግዳሚዎች ናቸው። ወደ ጎን ለዞረ ወንበር በትከሻ የሚያልፍ ቀበቶ መግጠም አይመከርም፤ መኪናው በድንገት ሲቆም ተሳፋሪው ወደ ጎን ስለሚወረወር ጨርቁ አንገቱን ሊይዘው ይችላል። በወገብ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ መኪናው ሲገለበጥ ሰውን ተወርውሮ ከመውጣት ሊያተርፍ ይችላል፤ ከግጭት የሚሰጠው ጥበቃ ግን ውስን ነው። የሚሻለው አግዳሚውን አንሥቶ ወደ ፊት የሚያይ ወንበር ከነማሰሪያው መትከል ነው። ይህ ሲደረግ ስምንት ሰው ይጭን የነበረው መኪና አራት ሊጭን ነው። ባለመኪናዎች የሚያመነቱትም እዚህ ላይ ነው፤ ማመንታታቸውም ከገቢ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በምክር ብቻ የሚፈታ አይመስልም።

ፋብሪካው ቀዳዳ ባልተወበት ቦታ ላይ አዲስ ማሰሪያ ሲሠራ ኃይሉ በአንድ ነጥብ ላይ እንዳያርፍ ከላሜራው በስተጀርባ የብረት ሳህን ይደረጋል። የዓለም አቀፉ የመኪና ውድድር ደንብ ለውድድር ቀበቶ ቢያንስ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሳህን ይጠይቃል፤ ይህም በየጎኑ ከስድስት ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ጠፍጣፋ ብረት ማለት ነው። ለአሮጌ መኪናም ከዚህ ባያንስ ይመረጣል። ጠርዙ ላሜራውን እንዳይቆርጥ ማዕዘኖቹ ይከረከማሉ። የቀበቶ ቡሎን በአብዛኛው ሰባት አሥራ ስድስተኛ ኢንች የሆነ ደቃቅ ጥርስ ያለው ነው። በጋራዥ የተገኘውን የሚሊ ሜትር ቡሎን «ይገባል» ብሎ በግድ ማስገባት የዳዶውን ጥርስ ይጨርሰዋል። ቀበቶውን ከወንበሩ ጋር ማሰርም ስህተት ነው፤ የድሮ ወንበር በሐዲዱ ላይ የተቀመጠው ሰውን ለማስቀመጥ እንጂ ለመያዝ አይደለም።

የላይኛው ማሰሪያ ቦታ ከተቀማጩ ትከሻ ማነስ የለበትም። አንዳንድ ጊዜ ምሰሶው አይመችም ተብሎ የትከሻው ጨርቅ ከወንበሩ ጀርባ ወርዶ ወለል ላይ ይታሰራል። እንዲህ ሲሆን በግጭት ጊዜ ጨርቁ ትከሻን ወደ ታች እየተጫነ አከርካሪን ይጎዳል። የወገቡ ክፍል ደግሞ ከወለሉ አንጻር ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብሎ በዳሌ አጥንት ላይ ሊያርፍ ይገባል። ሆድ ላይ ከወጣ የሚይዘው አጥንትን ሳይሆን አንጀትን ነው። ለነፍሰ ጡርም ከሆዷ በታች ይታሰራል።

ስለ ቀበቶው ራሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከተጋጨ መኪና የተፈታ ቀበቶ አይገዛም፤ ድርና ማጉ አንድ ጊዜ ተለጥጦ ሥራውን ጨርሷል፤ ጉዳቱም በዓይን ላይታይ ይችላል። የተቀደደን ቀበቶ በልብስ ስፌት ወይም በጫማ ሰፊ ማስጠገን ራስን ማታለል ነው። ሲገዛ በጨርቁ ላይ «ኢ» የሚለው የላቲን ፊደል በክብ ውስጥ ከቁጥር ጋር የታተመበት ምልክት መኖሩ ይታይ። ራሱ የሚጠቀለለው ዓይነት በውስጡ የመኪናውን ማዘንበልና ድንገተኛ መቆም የሚለይ ትንሽ መሣሪያ ስላለው አምራቹ ባዘዘው አቅጣጫ ብቻ ይገጠማል። ተጣሞ ከተገጠመ ወይ ያለምክንያት እየቆለፈ ያስመርራል፣ ወይም በሚያስፈልግበት ጊዜ አይቆልፍም።

የትራፊክ ደንብ አሽከርካሪው ቀበቶ እንዲያስር ያዝዛል። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ቀበቶን ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ማለፍ የተለመደ ቢሆንም፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ገደል ጋር እንዲህ ያለ ድርድር የለም። በደጋው ብርድ ጋቢ ደርቦ መንዳትም ልማድ ነው፤ ከጋቢው በላይ የታሰረ ቀበቶ ግን ከሰውነት ጋር ሰፊ ክፍተት ይተዋል፤ በግጭት ጊዜ ሰውየው ቀበቶው ሳይዘው ያን ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። ጋቢው ገለጥ ተደርጎ ቀበቶው በዳሌና በደረት ላይ ከጠበቀ በኋላ ከላይ መደረብ ይችላል።

ከተገጠመ በኋላ በኮረኮንች መንገድ የሚውል መኪና ቡሎኖቹ ሊላሉ ይችላሉ። ለቦሎ ወደ ዓመታዊ ምርመራ ከመሄድ በፊት በቁልፍ መፈተሽ፣ ከሥር ያለውን ሳህን ዙሪያ ለዝገት ማየት፣ ጨርቁን እስከ መጨረሻው ስቦ ጠርዙ መተልተል አለመጀመሩን ማረጋገጥ ይገባል። ከቆሸሸ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፤ በረኪና አይነካውም። መኪናው ከተጋጨ ደግሞ ቀበቶው ከነቡሎኖቹ ይቀየራል፤ ሳህኑ ያረፈበት ላሜራም ምንጣፉ ተነሥቶ እንደገና ይታያል።