አሮጌ ስፖርት መኪና በአዲስ ሞተር፦ ዋጋዋ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

ለ1970 እ.ኤ.አ. ሞዴል በ3,526 ዶላር ለአሜሪካ ገበያ የቀረበችው ዳትሰን 240 ዜድ ዛሬ የሰብሳቢዎች ሸቀጥ ሆናለች። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጥቂት የተነዳችና በሚገባ የተጠበቀች አንዲት የ1971 ሥሪት በጨረታ 310 ሺህ ዶላር አውጥታለች።

ይሁን እንጂ 151 የፈረስ ጉልበት ያለውን ባለ 2.4 ሊትር ሞተሯን አውርደው የጄኔራል ሞተርስን ኤልኤስ ቪ8 የሚጭኑባት ባለቤቶች ጥቂት አይደሉም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በኮርቬት ላይ የወጣው ባለ 5.7 ሊትር ኤልኤስ1 345 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ብሎኩ አልሙኒየም ስለሆነም ክብደቱ አያስፈራም። ከተጋጩ መኪኖች እየተነቀለ ስለሚሸጥ ፈላጊ አያጣውም።

ሒሳቡ የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ሞተሩን የገዛ ካምቢዮም ይገዛል። የቀድሞው ዲፈረንሲያል ጉልበቱን ስለማይችል ይቀየራል፤ ለካርቡሬተር የተሠራው የነዳጅ ፓምፕ ለኢንጀክሽን የሚበቃ ግፊት የለውም፤ ራዲያተሩ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ የኋላው የታምቡር ፍሬን ሁሉ ተራ ይጠብቃሉ። ለመካኒክ የወጣውን ገንዘብ ደግሞ ገዢው አይመልስም።

ሰብሳቢው ደህና ገንዘብ የሚያወጣው የሞተሩ ቁጥር መኪናዋ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ጋር ሲገጥም ነው፤ የሞተር ቁጥር ከሊብሬ ጋር ማመሳከር ለለመደው የኛ ነጋዴ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ የራሷ ሞተር ያላትን ንፁህ መኪና መንካት፣ በእኔ ግምት፣ ካፒታል ማቃጠል ነው። ሞተሯ ቀድሞ የጠፋባት ግን ሌላ ነች፤ እዚያ የሚበላሽ ዋጋ የለም። ቦዲውን ሳይቆርጥ የገጠመና የድሮውን ሞተር መጋዘን ያስቀመጠ ሻጭም በድርድር ሰዓት የሚያሳየው አያጣም።