በኢንተርኔት ለሚሰጠው የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ዋናው መመዘኛ ከቅበላ በኋላ ይጀምራል

በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኢንተርኔት አማካይነት የሚሰጠው የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2014 ወደ 380 በሚጠጉ ተማሪዎች ተጀምሮ ከዓመታት በኋላ የተማሪዎቹ ቁጥር ከ10 ሺህ በላይ ደርሷል። ከሥራ ገበታው ሳይለይ መማር ለሚሻ የመንግሥት ሠራተኛ አማራጩ የሚስብ ቢሆንም፣ ቅበላ ማግኘት ዲግሪውን ለማግኘት ዋስትና አይደለም።

ለመግባት ዕውቅና ካለው ተቋም በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም እንደ ሒሳብና ኤሌክትሪክ ምሕንድስና ባሉ ተቀራራቢ ሙያዎች የተገኘ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል። አማካይ ውጤቱ ከ4.0 ውስጥ 3.0 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። በሌላ ሙያ የተመረቀ አመልካች ፕሮግራሚንግና ዳታ ስትራክቸርን የመሳሰሉ ትምህርቶችን መከታተሉን ማሳየት ይኖርበታል። ጂ.አር.ኢ የተባለው ፈተና አይጠየቅም። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ግን ይጠየቃል፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው ማለት ብቻውን ከፈተናው ነፃ ላያደርግ ይችላል።

ከማመልከቻው ጋር ሦስት የድጋፍ ደብዳቤዎች ይቀርባሉ። እዚህ ላይ የሥራ ኃላፊዎች ድርሻ ቀላል አይደለም። ለሁሉም በአንድ ቅጽ የሚጻፍ "ታታሪና ታማኝ ሠራተኛ ነው" የሚል ደብዳቤ ለአመልካቹ የሚጠቅመው እጅግ ጥቂት ነው። ሠራተኛው የሠራውን ሥርዓት፣ የጻፈውን ፕሮግራም፣ የፈታውን ችግር በዝርዝር የሚገልጽ ደብዳቤ ክብደት ይኖረዋል።

መርሐ ግብሩ እንደ መደበኛው ትምህርት በመማሪያ ክፍል ስፋት ስለማይገደብ፣ ብቃት አላቸው ያላቸውን በርካታ አመልካቾች ይቀበላል። ማጣሪያው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ ተማሪ ትምህርቱን በጀመረ በ12 ወራት ገደማ ውስጥ መሠረታዊ ተብለው ከተለዩት ትምህርቶች ሁለቱን ቢያንስ በ"ቢ" ውጤት ማጠናቀቅ ግዴታው ነው። ይህን ያላሟላ ተማሪ ቅበላ ማግኘቱ ብቻውን ትምህርቱን ለመቀጠል አያስችለውም።

ዲግሪው በድምሩ 30 ክሬዲት ሰዓት፣ ማለትም 10 ትምህርቶች ያሉት ሲሆን በስድስት ዓመት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። የመመረቂያ ጥናት ጽሑፍ የግድ አይደለም። ተማሪው እንደ ማሽን ለርኒንግ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ወይም ኮምፒውቲንግ ሲስተምስ ካሉት የትኩረት ዘርፎች አንዱን ይመርጣል። ለምሳሌ ኮምፒውቲንግ ሲስተምስን የመረጠ ሰው ብዙዎች የሚፈሩትን የድህረ ምረቃ አልጎሪዝም ትምህርት ሊያመልጠው አይችልም።

በዓመት ሦስት ወሰነ ትምህርቶች አሉ። በየወሰነ ትምህርቱ አንድ ትምህርት ብቻ የሚወስድ ሠራተኛ ለመጨረስ ከሦስት ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ጠቅላላ ወጪው ሲታቀድ ከ7 ሺህ ዶላር በታች እንዲሆን ታስቦ ነበር። ይሁንና ከትምህርት ክፍያው ሌላ በየወሰነ ትምህርቱ የሚታሰብ ክፍያ ስላለ ቀስ ብሎ የሚማር ሰው በድምሩ የሚከፍለው ይበልጣል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ አመልካች ከትምህርቱ ያልተናነሰ ፈተና ነው።

ዲግሪውን ለደረጃ ዕድገት ለመጠቀም ያሰበ ሠራተኛ በኢንተርኔት ለተገኘ የትምህርት ማስረጃ የሚጠየቀውን የአቻ ግምት መስፈርት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማጣራት ያለበት የመጀመሪያውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ነው።