ከኦኖሚቺ የመጡት እንግዶች

ባለፈው ክረምት እናታችን ለዓይን ሕክምና ከደሴ መጥታ እኛ ዘንድ አሥራ አንድ ቀን ሰንብታ ነበር። በመጣች በሦስተኛው ቀን፣ ከዒሻ ሰላት በኋላ ሻይ ቀርቦ ሳለ፣ ከቤታችን የማይጠፋው ጥያቄ ተነሣ። ምን እንይ? ልጆቹ እንደ ልማዳቸው በየስልካቸው የኮሪያ ድራማ ይዘዋል። እኛ ዜና መስማት ፈልገናል። እናታችን ደግሞ እንቅልፏ አልመጣ፣ ለጨዋታም ሰው አላገኘች። ከብዙ ዓመት በፊት ያየነው አንድ የጃፓን ፊልም ትዝ ያለን ያን ጊዜ ነው። ሁላችንም አንድ ላይ እንየው ብለን ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈትነው።

ቀለም የሌለው፣ ተኩስ የማይሰማበት፣ ማንም የማይሮጥበት ፊልም ነው። ልጆቹ ርዝመቱን ጠየቁ፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ አልናቸው። ፊታቸው ምን እንደመሰለ መናገር አያስፈልግም።

ፊልሙ «የቶኪዮ ታሪክ» ይባላል። ያሱጂሮ ኦዙ የተባለው ጃፓናዊ ዳይሬክተር በ1953 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት በ2012 እ.ኤ.አ. የዓለም ዳይሬክተሮችን ድምፅ ሲሰበስብ፣ ከፊልሞች ሁሉ አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ይኸው ነበር። ታሪኩ ግን በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ ያልቃል። ሹኪቺና ቶሚ የተባሉ አዛውንት ባልና ሚስት፣ በደቡብ በኩል በባሕር ዳርቻ ካለችው ከኦኖሚቺ ከተማ ተነሥተው፣ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ በባቡር ወደ ቶኪዮ ይሄዳሉ። የበኩር ልጃቸው ሐኪም ነው። ሴቷ ልጃቸው ሺጌ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። ሁሉም ሥራ ይበዛባቸዋል። ወላጆቹን ከተማ ሊያሳዩ በተነሡበት ቀን በሽተኛ ይመጣል፣ ጉዞው ይቀራል። በመጨረሻ ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ሽማግሌዎቹን አታሚ ወደሚባል የፍል ውኃ መዝናኛ ይልኳቸዋል። ለማስደሰት ይመስላል፤ ዋናው ምክንያት ግን ቤቱን ለማስለቀቅ ነው። መዝናኛው ሌሊቱን ሙሉ በጩኸትና በዘፈን ሲናወጥ አድሮ አላስተኛቸውም። በማግሥቱ ይመለሳሉ። ሲመለሱ ደግሞ ሺጌ ማታ እንግዳ ትጠብቃለች፣ ማደሪያ የለም።

እናታችን እንግሊዝኛ አታነብም። ስለዚህ ከሥር የሚጻፈውን እያየን በአፍ እንተረጉምላት ጀመር። ጥቂት እንደሄድን በእጇ ምልክት አስቆመችን። «ተዉት፣ ይገባኛል» አለችን። እውነትም ገብቷት ነበር። አንዲት የሺጌ ደንበኛ ሽማግሌዎቹን አይታ እነማን እንደሆኑ ትጠይቃለች፤ ሺጌም ከገጠር የመጡ የምታውቃቸው ሰዎች መሆናቸውን ትነግራታለች። ይህችን ብቻ ተረጎምንላት።

«ልጇ አይደለችም እንዴ?» አለች እናታችን።

«ናት እማ።»

«ታዲያ እናቷን ሸሸገቻት?»

ልጆቹ ከስልካቸው ቀና ያሉት በዚህ ጊዜ ነው።

ኦዙ ካሜራውን ከወለሉ ብዙ ሳያርቅ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን በሚያርፍበት ግድም ማስቀመጥ ይወድ ነበር። ባህላዊ የጃፓን ቤት ወለሉ በሣር ምንጣፍ የተነጠፈ ነው፤ ይበላበታል፣ ይጫወቱበታል፣ ይተኙበታል። እናታችንም ሶፋው አልመች ብሏት ምንጣፍ ላይ ወርዳ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ስለነበር፣ እሷና የኦኖሚቺዋ ቶሚ ቡና ሊጠጡ ፊት ለፊት የተቀመጡ ጎረቤታሞች መሰሉን። አባትየውን ሆኖ የሚሠራው ቺሹ ርዩ ያኔ ገና 49 ዓመቱ መሆኑን ብንነግራት ግን አላመነችንም። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ጎንበስ ብሎ ሲነሣና ሲቀመጥ አይታዋለችና ውሸታም አደረገችን።

በዚህ ፊልም ውስጥ ከልጆቹ ሁሉ ይልቅ ለሽማግሌዎቹ የምትደርስላቸው ኖሪኮ ናት። ኖሪኮ ልጃቸው አይደለችም። በጦርነቱ የሞተው ልጃቸው ሚስት፣ ምራታቸው ናት፤ ባሏ ከጠፋ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ቢሮ ተቀጥራ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ብቻዋን ትኖራለች። ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ከተማውን የምታሳያቸው እሷ ናት። ማደሪያ ባጡ ቀን አማቷን የምታሳድራት፣ ትከሻዋን የምታሽላት፣ ከትንሽ ደመወዟ ቆንጥራ የኪስ ገንዘብ የምታስይዛት እሷ ናት። ሴትሱኮ ሃራ ይህችን ሴት ሆና ስትሠራ ፈገግታዋ ከፊቷ አይጠፋም፤ ከፈገግታው በስተጀርባ ያለውን ኀዘን የምናየው ግን መጨረሻ ላይ ነው።

«የማን ልጅ ናት?» አለች እናታችን። ምራት ናት፣ ባሏም ሞቷል አልናት። «አላህ ይካሳት» ብላ ዝም አለች።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ለወላጅ «ኡፍ» ማለት እንኳ ክልክል መሆኑን ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንማረው ያደግን ነገር ነው። ሺጌ ለእናቷ በፊቷ አንድም የስድብ ቃል አልወረወረችባትም። ባሏ ለአማቶቹ ብሎ ጥሩ ኬክ ገዝቶ ሲገባ ግን፣ ለእነሱ ይህን ያህል ውድ ነገር እንደማያስፈልግ ትነግረውና ራሷ ትበላለች። የሺጌ «ኡፍታ» በኬኩ ውስጥ ነው። ኦዙ ይህን ሲያሳየን ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ሙዚቃ አያስጮኽብንም። ሺጌን ክፉ ሴት አድርጎም አልሣላትም፤ የእናቷን መሞት ስትሰማ ከልቧ ታለቅሳለች። ከለቅሶው ጥቂት ቆይታ ደግሞ የእናቷን ጥሩ ልብስ ለራሷ ትጠይቃለች። ሁለቱም አንዲት ሴት ናት። እንዲህ ያለች እኅት፣ እንዲህ ያለ ወንድም በየቤታችን የለም እንዴ? እኛስ?

እውነቱን መናገር ካለብን፣ እኛም ለመጪው እሑድ ልጆቹ እናታችንን አንድ መናፈሻ ይዘዋት እንዲሄዱ፣ በዚያ ሰዓት እኛ የተጠራቀመ ሥራችንን እንድንጨርስ አስበን ነበር። አታሚን ስናይ ያየነው የራሳችንን ዕቅድ ነው። እሑድ ዕለት ሥራውን ትተን አብረናት ሄድን። ሰኞ ዕለት ሐኪም ቤት ያደረሳት ግን የጎረቤት ልጅ ነው።

ፊልሙ ነውር የለበትም ማለታችን አይደለም። ሽማግሌው ማደሪያ ባጣበት ሌሊት ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ሰክሮ ይገባል። ለሙስሊም ቤተሰብ ይህ የሚወደድ ነገር አይደለም፤ ልጆቹም እያዩ ስለነበር ዝም ብለን አላለፍነውም። ፊልሙ ራሱ ግን ስካሩን እንደ ደስታ አያቀርበውም። ልጆች ያሉት ሰው ማደሪያ አጥቶ በየመጠጥ ቤቱ ሲንከራተት ነው የሚያሳየን።

ከዚያ ማታ በኋላ ቤታችን የጃፓንና የኮሪያ ፊልም ቤት ሆነ ማለት ይቻላል። «ኢኪሩ» የተባለውን የአኪራ ኩሮሳዋን የ1952 እ.ኤ.አ. ፊልም አየን፤ ትርጉሙ «መኖር» ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል በማዘጋጃ ቤት ወረቀት ሲያገላብጥ የኖረ ሹም የጨጓራ ካንሰር እንደያዘው ይረዳል። በሰፈራቸው ያለው ቆሻሻ ውኃ ተደፍኖ ለልጆች መጫወቻ እንዲሠራላቸው የሚለምኑ እናቶች፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲንከራተቱ የሚታዩበት ቦታ አለ። ጉዳይ ለማስፈጸም ደጅ የጠና ሁሉ ሳይስቅ አያልፈውም። ልጁና ምራቱ የሚያስቡት ስለ ጡረታ ገንዘቡ ነው። ሰውየው የቀረችውን ጥቂት ጊዜ ለዚያች መጫወቻ ሜዳ ያውላታል። በእኛ አስተያየት ግን የፊልሙ ትልቁ ነገር ከሞቱ በኋላ ለለቅሶ የተቀመጡት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ናቸው፤ እንደ እሱ ለመሆን ይምላሉ፣ በማግሥቱ ቢሮ ሲገቡ ግን ያው እንደነበሩት ናቸው።

ስለ «ኦሺን» ብዙ አንባቢዎቻችን ሰምተው ይሆናል። የጃፓኑ ኤን.ኤች.ኬ. ከ1983 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. በየጠዋቱ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ ያስተላለፈው፣ 297 ክፍል ያለው ድራማ ነው። በአንድ ወቅት ከጃፓን ተመልካች 62.9 በመቶው ያየው ነበር። ኢራንንና ግብፅን ጨምሮ በብዙ አገሮችም ታይቷል። የድሀ ገበሬ ልጅ የሆነችው ኦሺን ገና በሰባት ዓመቷ፣ ለቤተሰቧ በሚሰጥ ሩዝ ለግርድና ትቀጠራለች። ከቤት ስትወጣ አያቷ የሰጠቻትን ገንዘብ ከአሠሪዎቿ የሰረቀችው ነው ብለው ይወነጅሏታል። ሕፃኗም በበረዶ መካከል ትጠፋለች።

ይህን ስናይ የቤታችን ሠራተኛ፣ ዕድሜዋ ከሃያ የማያልፍ ልጅ፣ የማድ ቤቱን በር ተደግፋ ቆማ ታይ ነበር። ስንት ክፍል እንዲህ ቆማ እንዳየች አናውቅም። እናታችን ዞር ብላ አየቻትና «ነይ ልጄ፣ እዚህ ቁጭ በይ» ብላ ከአጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት። እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላልናትን ቃል ነው።

ወደ ኮሪያዎቹ እንምጣ፤ ልጆቹም በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረውናል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ካና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ ሲያሰማን የቱርኩን ለምደናል፤ ወጣቶቹ ግን የኮሪያውን በስልካቸው ራሳቸው ፈልገው ነው የሚያገኙት። ከታዋቂዎቹ አንዱ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው «የክረምት ሶናታ» ነው። መልከ መልካም ወጣት በመኪና ይገጫል፣ ያለፈውን ሁሉ ይረሳል፣ የሚወዳት ልጅ እኅቱ ትሆን ወይ ተብሎ ይጠረጠራል። ሃያ ክፍል እንባ! ከዚያ ወዲህ በኮሪያ ድራማ ውስጥ መኪና ሳይገጨውና ሳይረሳ ለትዳር የበቃ ሰው ያለ አይመስለንም። ሀብታሙ የኩባንያ ወራሽና ድሀዋ ልጅም እስኪሰለቹን ድረስ ተመላልሰዋል። አረንጓዴው የሶጁ ጠርሙስማ ከተዋናዮቹ እንደ አንዱ ነው። ይህን ሁሉ ሌሊት ሙሉ አፍጥጦ አይቶ ሱብሒ የሚያልፈው ልጅ ካለ፣ ነገሩ ከድራማው ሳይሆን ከወላጁ ጋር ነው የሚያያዘው።

ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ቅርጫት አንጥልም። ከ2003 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በ54 ክፍል የታየውን «ዴ ጃንግ ግም» የተባለውን እንውሰድ። በ16ኛው ምዕተ ዓመት በንጉሥ ጁንግጆንግ ዘመን በቤተ መንግሥት መዝገብ ስሟ በሰፈረ አንዲት ሴት ሐኪም ላይ የተመሠረተ ነው። ሕፃኗ ጃንግ ግም በቤተ መንግሥቱ ማድ ቤት ሥራ ልትማር ስትገባ፣ አስተማሪዋ እመቤት ሃን የሚጠጣ ውኃ እንድታመጣ ታዛታለች። ታመጣለች፤ አይሆንም ትባላለች። ቀዝቃዛ፣ ሙቅ፣ ቅጠል የተጨመረበት፤ ሁሉም አይሆንም። ብዙ ቀን ከተመላለሰች በኋላ ነው ልጅቷ ነገሩ የገባት። ውኃውን ከማምጣቷ በፊት እመቤቲቱን ሆዷን አሟት፣ ጉሮሮዋን ቆርጧት እንደሆነ ትጠይቃታለች፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሁኔታዋ አሙቃ፣ ጨው ጣል አድርጋ፣ ቀስ እያለች እንድትጠጣው ትሰጣታለች። ጃንግ ግም ይህን ከእናቷ ነው ያየችው። እናታችን በዚህ በጣም ሳቀች፤ ለምራቷ ዓሥር ጊዜ ነግሬ ያልገባት ነገር ይኸው ነው አለች። ምራቲቱም እዚያው ተቀምጣ ስለነበር የዚያን ማታ ሻይ ጥቂት ዘግይቶ መጣ።

ልጆቹ የወደዱት ደግሞ «ወደ ቤት» የሚለውን የ2002 እ.ኤ.አ. የኮሪያ ፊልም ነው። ዳይሬክተሯ ሊ ጆንግ ህያንግ የተባለች ሴት ናት። ከሴኡል የመጣ ባለጌ ልጅ መናገር ከማትችል አያቱ ጋር ገጠር ይተዋል። ለጨዋታ ማሽኑ ባትሪ መግዣ ሲል የአያቱን የፀጉር መያዣ ይሰርቃል። የኬንታኪ ዶሮ አማረኝ ሲላት፣ አሮጊቷ በዝናብ ሄዳ ዶሮ ገዝታ ቀቅላ ትሰጠዋለች፤ ልጁ የተጠበሰ እንጂ የተቀቀለ አልፈለገም ብሎ ያለቅሳል። አያቲቱን ሆና የሠራችው ኪም ኡል ቡን ከዚያ በፊት ተዋናይት ያልነበረች የገጠር ሴት ናት። ልጁ ሊሄድ ሲል፣ ፊደል ለማታውቀው አያቱ «አሞኛል» እና «ናፍቀኸኛል» የሚሉትን ቃላት ለማስጻፍ ሲታገል፣ መጻፍም ሲያቅታት፣ የመርፌዎቿን ቀዳዳ ሁሉ በክር እየሞላ ሲያስቀምጥላት፣ የእኛው ትንሽ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እናታችን ዓይኗ ታክሞ፣ ጠብታዋን ይዛ ወደ ደሴ ተመለሰች። ከገባች በኋላ ስንደውልላት የዓይኗን ነገር፣ የጎረቤቱን ነገር፣ የዝናቡን ነገር አወራችን። ልንሰናበት ስንል፦

«ያቺ ልጅ አገባች ወይ?» አለችን።

«የቷ ልጅ እማ?»

«ያቺ ምራቲቱ። አማቷ አግቢ ብሏት አልነበር? ሰዓቱንም ሰጥቷት።»

እውነት ነው። በፊልሙ መጨረሻ ሽማግሌው የሚስቱን ሰዓት ለኖሪኮ ሰጥቶ፣ የሞተውን ልጁን ረስታ እንድታገባ ይመክራታል። ኖሪኮ በባቡር ስትሄድ ሰዓቱን ከፍታ ታያለች፤ ሽማግሌው ቤቱ ብቻውን ይቀራል። ፊልሙ እዚያ ላይ ማለቁን፣ ሁለተኛ ክፍልም እንደሌለው ነገርናት።

«ኧረ ሰው ጠይቁ» አለች። «ደግሞ ሽማግሌው ብቻውን ነው የቀረው፤ ማን ምግብ ይሠራለታል?»

ትንሿ ልጁ አስተማሪዋ አብራው እንደምትኖር አስታወስናት።

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።