ስለ ሞተር ዘይት መብራትና ባለ መኪናው ሊሰጠው ስለሚገባው ትእዛዝ

አውቶሞቢል ወደ አገራችን ከገባ እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ መኪና በመጣ ጊዜ ነገሩ እጅግ የሚያስደንቅ ነበር። ዛሬ ግን መኪና ለሹም እግር፣ ለገበሬ በሬ፣ ለበሽተኛ ቃሬዛ ሆኖ ያገለግላል። ትራክተሩ መሬት ያርሳል፤ ካሚዮኑ እህል ያጓጉዛል፤ አምቡላንሱ ወላዷን ከገጠር ወደ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ስለዚህ የአንድ ሞተር መጥፋት የብረት መሰበር ብቻ ሳይሆን የእርሻ ወራት ማለፍ፣ የእህል መበላሸት፣ አንዳንድ ጊዜም የሰው ነፍስ ጉዳይ ነው።

ሞተር የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው። አብዛኛውን የሚያውቀውና የሚጠብቀው ሾፌሩ ወይም መካኒኩ ነው። አንዱ ጥፋት ግን ከኋላ ከተቀመጠው ጌታ ትእዛዝ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ በየወረዳው ያላችሁ ሹማምንት፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና ባለ እርሻዎች አስተውላችሁ ታነቡት ዘንድ ይህን ጽፈናል። ይኸውም ቀዩ የዘይት መብራት በርቶ ሳለ «ግድ የለም፤ እስክንደርስ ንዳ» የማለት ነገር ነው።

ዘይት በሞተር ውስጥ ስለሚሠራው ሥራ

በሞተር ሆድ ውስጥ ዋናው ዘንግ በኩሽኔታዎች ላይ ተቀምጦ ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር፣ ይህ ዘንግ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ33 ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። ዘንጉም ኩሽኔታውም ብረት ናቸው፤ ነገር ግን ሞተሩ በደኅና ሲሠራ አንዱ ሌላውን አይነካውም። በመካከላቸው ከፀጉር እጅግ የቀጠነ፣ በሚሊሜትር ሺህኛ የሚቆጠር የዘይት ሽፋን አለ፤ ዘንጉም ጀልባ በውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ በዚህ ሽፋን ላይ ተንሳፎ ይዞራል።

ይህን ዘይት ከታች ካለው ማጠራቀሚያ፣ መካኒኮች ኮፓ ከሚሉት፣ እየሳበ በፊልትሮ አሳልፎ በጠባብ መንገዶች ወደየኩሽኔታው የሚገፋው የዘይት ፖምፓ ነው። የዘይት ግፊት የሚባለውም በእነዚህ መንገዶች ውስጥ ያለው ኀይል ነው። ሞተሩ ሞቆ በመንገድ ላይ ሲሠራ፣ ግፊቱ እንደ ሞተሩ ዓይነት ቢለያይም፣ በብዙዎቹ ከ2 እስከ 5 ባር ይደርሳል።

ግፊቱ ሲጠፋ ግን የዘይቱ ሽፋን ይበጠሳል፤ ብረት ብረትን ይነካል፤ ይግላልም። ለስላሳው የኩሽኔታ ብረት ቀልጦ ከዘንጉ ጋር ይለጠፋል። በመጨረሻም ሞተሩ ነክሶ ይቆማል፤ አለዚያም ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ይወጣል። ስለዚህ ያለ ዘይት አንዲት ደቂቃ መሄድ ማለት ብረትን በብረት ላይ 2,000 ጊዜ ማሸት ነው።

መብራቱ እንዴት እንደ መጣና እንዴት እንደሚሠራ

በቀድሞ ዘመን ይህን የሚያስታውቅ መሣሪያ በሁሉ መኪና ላይ አልነበረም። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1908 እስከ 1927 የተሠራው ፎርድ ሞዴል ቲ የዘይት ፖምፓም የግፊት መለኪያም አልነበረውም። ዘይቱ ሞተሩ ሲዞር እየተረጨ ይዳረስ ነበር፤ ሾፌሩም መጠኑን ለማወቅ ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብሎ ሁለት ትንንሽ ቧንቧዎችን እየከፈተ ይመለከት ነበር። ፖምፓ ያላቸው ሞተሮች በተስፋፉ ጊዜ መርፌ ያለው የግፊት መለኪያ ተጨመረ። የዚህ ዓይነቱን መለኪያ ፈረንሳዊው ኢዩጂን ቡርዶን በ1849 በፈረንጆች አቆጣጠር ለእንፋሎት መኪናዎች አስቀድሞ አውጥቶት ነበር። በ1930ዎቹ ደግሞ የአሜሪካው ሁድሰን ኩባንያ በመርፌው ፈንታ መብራት አደረገ፤ ሌሎችም ተከተሉት። የአሜሪካ ሾፌሮች ግን «የሞኝ መብራት» የሚል ስም አወጡለት፤ ምክንያቱም መርፌ ግፊቱ ቀስ እያለ ሲወርድ ያሳያል፤ መብራቱ ግን ነገሩ ካለቀ በኋላ ብቻ ይናገራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሞተሩ ጎን፣ በዘይቱ መንገድ ላይ፣ አውራ ጣት የምታህል ጠቋሚ በጥርስ ታስራ ገብታለች። በውስጧ ቀጭን ሽፋንና ትንሽ ሞላ አሉ። ግፊት በሌለ ጊዜ ሞላው ሁለቱን የኤሌክትሪክ መገናኛዎች አጋጥሞ ይይዛል፤ መብራቱም ይበራል። ዘይት በግፊት ሲመጣ ሽፋኑን ገፍቶ መገናኛዎቹን ያለያያል፤ መብራቱም ይጠፋል። በሾፌሩ ፊት የሚታየው ምልክትም ከጫፉ ጠብታ የሚንጠባጠብበት የዘይት ማንቆርቆሪያ ሥዕል ነው፤ ቀለሙም ቀይ ነው።

ከዚህ አሠራር ሦስት ነገሮችን መረዳት ይገባል።

1ኛ፤ መብራቱ የሚመሰክረው ስለ ግፊት እንጂ ስለ ዘይቱ ብዛት አይደለም። ዘይቱ ሞልቶ ሳለ ፖምፓው ቢያረጅ ወይም የመሳቢያው ወንፊት በዝቃጭ ቢደፈን ግፊት ይጠፋል። እንዲሁም ዘይቱ ጎድሎ ሳለ ፖምፓው የሚስበው እስካላጣ ድረስ መብራቱ ዝም ይላል። ስለዚህ በመለኪያው ዘንግ የዘይቱን መጠን መመልከት በመብራቱ ምክንያት የሚቀር ሥራ አይደለም።

2ኛ፤ መብራቱ ዘግይቶ ይናገራል። በብዙዎቹ መኪናዎች የሚበራው ግፊቱ ወደ ግማሽ ባር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። እንግዲህ ሞተሩ በጉዞ ላይ ሳለ መብራቱ ቢበራ፣ አብዛኛው ግፊት አስቀድሞ ሄዷል። ነገሩ «ተጠንቀቅ» የሚል ምክር ሳይሆን «ቁም» የሚል ትእዛዝ ነው።

3ኛ፤ አምፑሉ ቢቃጠል ወይም ሽቦው ቢበጠስ መብራቱ ለዘለዓለም ዝም ይላል፤ ባለ መኪናውም ደኅና ነው ብሎ ይሄዳል። ከሚጮኽ ዘበኛ ይልቅ የሞተ ዘበኛ የከፋ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ ቀዩ መብራት መብራት አለበት፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላም በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ መጥፋት አለበት። ቁልፉ ዞሮ መብራቱ ካልበራ መኪናው ሳይመረመር ከግቢ አይውጣ። አሮጌ መኪና የሚገዛም ሰው ይህን አስቀድሞ ይመልከት፤ የሞተሩን ድካም ለመሸሸግ ሽቦውን ቆርጠው የሚሸጡ አይጠፉምና።

ግፊት ስለሚጎድልባቸው ምክንያቶች

ዋናው ምክንያት የዘይት ማነስ ነው፤ ይህም በመፍሰስ ወይም ያረጀ ሞተር ዘይት በማቃጠሉ ይመጣል። የዚህ የመጀመሪያ ምልክቱ መብራቱ በጠመዝማዛ መንገድ፣ በፍሬን ጊዜ ወይም በአቀበት ላይ ብልጭ ብሎ መጥፋቱ ነው፤ መኪናው ሲያዘነብል የጎደለው ዘይት ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ ፖምፓውም አየር ይስባል። ሁለተኛው የዘይቱ መቅጠን ነው። ዘይት ሳይለወጥ ሲቆይ፣ ናፍጣ ወይም ቤንዚን ሲቀላቀልበት፣ ወይም ለሞተሩ ከታዘዘው የቀጠነ ዓይነት ሲጨመር በቆላ ሙቀት እንደ ውኃ ይሆናል። ሦስተኛው የፖምፓውና የኩሽኔታዎቹ ማርጀት ነው፤ እንዲህ ያለው ሞተር ከሞቀ በኋላ ቀስ ብሎ ሲዞር መብራቱ ይንቦገቦጋል፤ ፍጥነት ሲጨመር ይጠፋል። ይህን «ልማዱ ነው» ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው።

መብራቱ በመንገድ ላይ ቢበራ ምን ይደረግ?

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ኃላፊ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ለስብሰባ ይሄዳል እንበል። መኪናው ከጎሐ ፅዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ በየመታጠፊያው ቀዩ መብራት ብልጭ ይላል። ድልድዩን ተሻግሮ የደጀንን አቀበት ሲይዝ መብራቱ ጨርሶ ይበራል። ሾፌሩ «ጌታዬ፣ እንቁም» ይላል፤ ኃላፊው ግን ሰዓቱን አይቶ «ደጀን ቅርብ ነው፤ እዚያ ታየዋለህ» ይለዋል። ሾፌሩም ጌታውን ስለሚፈራ ይነዳል። ሞተሩ በአቀበቱ መካከል ከነከሰ፣ ስብሰባውም ቀረ፣ መኪናውም ቀረ። ቢቆም ኖሮ ምናልባት የሩብ ሰዓት መዘግየትና ሁለት ሊትር ዘይት ይበቃው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ትክክለኛው ሥርዐት የሚከተለው ነው።

ሾፌሩ ነዳጁን ለቆ፣ ከመንገድ ወጥቶ፣ ደልዳላ ስፍራ ላይ መኪናውን ያቁም። መኪናው ከቆመ በኋላ ወዲያውኑ ሞተሩን ያጥፋ። በቁልቁለት ላይ በመሄድ ሳለ ግን ሞተሩን ማጥፋት አይገባም፤ ፍሬኑና መሪው ከሞተሩ የሚያገኙትን እርዳታ ያጣሉ፤ ቁልፉም ቢነቀል መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ዘይቱ ወደ ኮፓው እስኪወርድ 5 ወይም 10 ደቂቃ ቆይቶ፣ መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ ጠርጎ እንደ ገና ነክሮ ይመልከት። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ፣ ተስማሚውን ዘይት እስከ ላይኛው ምልክት ይጨምር፤ ከመጠን በላይ አይሙላ። የፈሰሰ መኖሩንም ከመኪናው ሥር ያጣራ። ከዚያም ሞተሩን ያስነሣ፤ መብራቱ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ካልጠፋ ደግሞ ያጥፋው።

ዘይቱ ሞልቶ ሳለ መብራቱ ከበራ፣ ሞተሩ ከእንግዲህ ወዲህ አይነሣ። ዘይቱ ወተት መስሎ ቢታይ ውኃ ገብቶበታል፤ ናፍጣ ናፍጣ ቢሸት ነዳጅ ተቀላቅሎበታል። እርግጥ ነው፣ ሞተሩ ደኅና ሆኖ ጠቋሚዋ ራሷ ተበላሽታ ወይም ሽቦው ተልጦ ከብረት ጋር ተነካክቶ መብራቱ በከንቱ የሚበራበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ይህን በግምት መፍረድ አይገባም። መካኒኩ ጠቋሚዋን ፈትቶ በስፍራዋ መርፌ ያለው መለኪያ አስገብቶ ግፊቱን ለጥቂት ጊዜ ሲለካ ብቻ ነገሩ ይታወቃል። እስከዚያው ድረስ መኪናው ይጎተት እንጂ አይነዳ።

ስለ ትራክተር፣ ስለ ማጨጃ መኪናና ስለ መስኖ ፖምፓ

በእርሻ ላይ ያሉ ሞተሮች የሚደርስባቸው አደጋ የባሰ ነው። ትራክተር በተዳፋት መሬት ላይ አዘንብሎ ቀኑን ሙሉ በኀይል ይሠራል። የሜዳ ፀሐይ ሲበረታ ትንሿ ቀይ መብራት አትታይም፤ መስታወቷንም አቧራ ይሸፍነዋል። የሾፌሩም ዐይን የሚጠብቀው የማረሻውን ፈር ነው። በአርሲ የስንዴ አገር እንደምናውቀው፣ አዝመራው ደርሶ ማጨጃው መኪና ሲጠበቅ የአንድ ሳምንት መቆም ብዙ እህል ያረግፋል፤ ያልታሰበ ዝናብ ቢመጣም ስንዴው በቆመበት ይበላሻል። ስለዚህ ባለ እርሻው ከመብራቱ ጋር የሚጮኽ ደወል እንዲገጠምለት ቢያደርግ መልካም ነው፤ ሥራው ቀላል ነው፤ የሚጠቅመው ግን ብዙ ነው።

የመስኖ ፖምፓና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሞተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠባቂ ሳይኖራቸው ብቻቸውን ይሠራሉ። ለእነዚህ መብራት አይበቃም፤ የሚያየው የለምና። ዘይት ሲጎድል ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ ያላቸውን መምረጥ፣ የሌላቸውንም ማስገጠም ይገባል። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱ መኪናዎች ግን የሞተር ዘይት የላቸውምና ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም።

ለሹማምንትና ለባለ መኪናዎች

ከዚህ በላይ የተጻፈውን ሾፌሮች አብዛኛውን ያውቁታል። የሚያጡት ዕውቀት ሳይሆን ፈቃድ ነው። ሾፌር በመቆሙ የሚሰደብ፣ ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ከሆነ፣ በሁለት እሳት መካከል ቆሟል፤ መብራቱን እንዳላየ ሆኖ መንዳትንም ይለምዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኃላፊና ባለ እርሻ ከዛሬ ጀምሮ በእጁ ላሉት ሾፌሮች ይህን ትእዛዝ በግልጽ ይስጥ ዘንድ እናሳስባለን፤

ጠዋት ጠዋት መብራቱ መብራቱና መጥፋቱ ይታይ፤ ዘይቱም በዘንጉ ይለካ። ዘይትና ፊልትሮ በታዘዘው ጊዜ ይለወጥ፤ የተለወጠበትም ቀንና ኪሎ ሜትር በመዝገብ ይጻፍ። በየመኪናው ተስማሚ ዘይት በጀሪካን ይቀመጥ። ቀዩ መብራት በመንገድ ላይ ሲበራ ሾፌሩ ማንንም ሳይጠይቅ ይቁም፤ በመቆሙም አይወቀስ። አሥር ጊዜ በከንቱ ቢቆም የሚጠፋው ጥቂት ሰዓት ነው፤ አንድ ጊዜ ሳይቆም ቢቀር ግን የሚጠፋው ሞተሩ ነው።

በመኪና ውስጥ መንገዱንና ሰዓቱን የሚያዝዘው ባለቤቱ ነው። ቀዩ መብራት በበራ ጊዜ ግን ትእዛዝ ለመብራቱ ይሆናል፤ ሹሙም ሾፌሩም ሊታዘዙት ይገባል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለቤት እሳት ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉ በእጅ ሳለ ማጥፋት ለሚያውቅ ሰው ለሞተርም ይሠራል።