አስም፣ የአንጀት ትልና አዲሶቹ መርፌዎች

አስም የጸናበት ሰው ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ ክኒን ሲውጥ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ትንፋሹ ይመለስለታል። ክኒኑን ባቆመ ቁጥር ሕመሙ የሚያገረሽበት ወይም ከነጭራሹ የማይሻለው ግን አለ። ቤተሰቡ «መድኃኒቱ እምቢ አለው» ይላል። ይህን ከማመን በፊት መጣራት ያለበት ብዙ ነገር አለ። በአፍ የሚሳበውን የስቴሮይድ መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳል ወይስ ሲጨንቀው ብቻ ማስታገሻውን ሳልቡታሞል ይስባል? ሲስበውስ ሳንባው ይደርሳል ወይስ ጉሮሮው ላይ ይቀራል? የቤቱ ጭስም መታየት አለበት፦ የጎጃሟ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ ብርዱ ይብሳል፤ እሳቱም ቤት ውስጥ ይነዳል። በኩበትና በባሕር ዛፍ ጭስ ውስጥ እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት ሕመሟ አስም ላይሆን ይችላል፤ የቆየ የቲቢ ጠባሳም አስም ይመስላል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ በእርግጥ ከባድ አስም ያለባቸው ከመቶ የአስም ሕሙማን ከ3 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። ስቴሮይድ የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት በጅምላ ያዳክማል። ለእነዚህ ሕሙማን የተሠሩት አዲሶቹ መርፌዎች ግን የጤፍ ማሳ በእጅ እንደሚታረመው አንዱን ብቻ ለይተው ይነቅላሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 የተፈቀደው ኦማሊዙማብ አለርጂን የሚቀሰቅሰውን አይ ጂ ኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ይይዛል። ሜፖሊዙማብ (2015) እና ቤንራሊዙማብ (2017) ኢዮሲኖፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ይቀንሳሉ። በ2021 የመጣው ቴዘፔሉማብ ደግሞ ከምንጩ፣ የአየር ቧንቧው ግድግዳ ሲቆጣ ከሚልከው የማንቂያ መልእክት ይጀምራል። የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት በሚደርስ ልዩነት ነው፤ በአሜሪካ የአንድ ወር ዋጋቸው በሺዎች ዶላር ይቆጠራል።

ለጎጃም አንባቢ ዋናው ጉዳይ ከዚህ ይጀምራል። አይ ጂ ኢ እና ኢዮሲኖፊል ሰውነት የአንጀት ትልን የሚዋጋባቸው ናቸው። በባዶ እግሩ እርጥብ ማሳ የሚረግጥ ገበሬ ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል በእግሩ ቆዳ በኩል ይገባበታል፤ የደሙ ኢዮሲኖፊልም ይጨምራል። ሌላ አገር ሐኪሙ «በማይክሮሊትር 300 ደርሷል፣ መርፌው ይጠቅመዋል» የሚልበት ቁጥር እዚህ የአስሙ ሳይሆን የትሉ ምልክት ሊሆን ይችላል።

በትልና በአስም ዝምድና ላይ ኢትዮጵያ ለዓለም ብዙ አስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የጅማ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳየ፤ በ2001 የወጣው ደግሞ ሁክዎርም ያለባቸው ሰዎች የሚያፏጭ ትንፋሽ እንደሚያንስባቸው አመለከተ። ወስፋት ግን ሌላ ነው፤ የብዙ አገር ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ አስምን የሚያብስ ይመስላል። ስለዚህ ትልን ለአስም መድኃኒት ብሎ ማቆየት ስሕተት ነው።

ከመርፌዎቹ አብዛኞቹ በሰው ላይ ሲሞከሩ ትል ያለባቸው ሕሙማን በጥናቱ እንዳይገቡ ተደርጓል። የአብዛኞቹ መመሪያም ትሉ አስቀድሞ ይታከም ይላል። እኔ የምለው፣ መርፌዎቹ ወደ እኛ ሲመጡ ትል በሚበዛበት አገር የተሠራ ጥናት አብሯቸው ይምጣ፤ የጎጃም ገበሬ ደም በሌላ አገር መለኪያ ብቻ አይመዘን።

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለው ፕሬድኒሶሎንም ከትል ጋር የራሱ ጣጣ አለው። ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትል ያለበት ሰው ስቴሮይድ ሲወስድ ትሉ በመላ ሰውነቱ ተሰራጭቶ ሊገድለው ይችላል። አንድ ጊዜ የሚዋጠው አልበንዳዞል ይህን ትል በደንብ አያጠፋውም፤ የተሻለው አይቨርሜክቲን ነው። ደጋግሞ ፕሬድኒሶሎን የታዘዘለት ሰው ሐኪሙን ስለ ሰገራ ምርመራ ይጠይቅ። ለሳምንታት የዋጠውን ክኒን ግን በራሱ ፈቃድ በአንድ ቀን አያቁም፤ ሰውነቱ የራሱን ስቴሮይድ ማምረት እስኪጀምር መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት።