ከሩር እስከ ቦውሊንግ ኳስ፦ የቀዳዳ አቀማመጥ የኳስን ጉዞ እንዴት ይለውጣል?



ስለ ቦውሊንግ ኳስ ከመናገሬ በፊት ስለ ሩር እንድናገር ፍቀዱልኝ። ላስታ ውስጥ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ የገና በዓል ሲደርስ ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመ በትር ይመረጣል፤ ሩሩም ከእንጨት ይጠረባል ወይም ከጠፍር ይሠራል። በልጅነቴ አንድ ዓመት ሩሩን ከወይራ ሥር የጠረብኩት እኔ ነበርሁ። በጨዋታው ላይ ግን ሩሩ ከተመታበት አቅጣጫ እያፈነገጠ አስቸገረን። ጥፋቱን ሁሉ በመቺው ጓደኛችን ላይ ጣልን፤ ከሁሉም አብልጬ የጮኽሁት እኔ ነበርሁ።

በመጨረሻ አንድ አረጋዊ ሩሩን ተቀብለው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ደጋግመው አንከባለሉት። በየጊዜው የሚቆመው አንዱ ጎኑ ወደ ታች ሆኖ ነበር። በዚያ በኩል ከሌላው እንጨት ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ አንጓ ነበረበት። የሩሩ የስበት ማዕከል ከመካከሉ ወደ አንጓው ሸሽቶ ኖሯል። ጥፋቱ የመቺው ሳይሆን የጠራቢው ነበር።

የድንጋዩ ፈተና ትክክለኛ ፈተና ነው፤ ነገር ግን የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም «የስበት ማዕከሉ የት ነው?» የሚለውን ነው። ሁለተኛ ጥያቄ አለ። ቁሱ በዛቢያው፣ ማለትም አካሉ በሚዞርበት ምናባዊ መስመር ዙሪያ፣ እንዴት ተከፋፍሏል? ልዩነቱን ለማየት አንድ ቀጥ ያለ ዱላ በቂ ነው። በሁለት መዳፋችሁ መካከል ይዛችሁ በርዝመቱ ዙሪያ ብታሽከረክሩት ያለ ድካም ይዞራል። መሐሉን ጨብጣችሁ ጫፎቹን ወዲያና ወዲህ ለማዞር ብትሞክሩ ግን ይከብዳል። ክብደቱም የስበት ማዕከሉም አልተለወጡም። የተለወጠው ቁሱ ከዛቢያው ያለው ርቀት ነው። ይህ መዞርን የመቃወም ባሕርይ «ሞመንት ኦፍ ኢነርሻ» ይባላል።

አሁን ወደ ቦውሊንግ ኳስ እንለፍ። ትልቁ ኳስ 7.26 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ዲያሜትሩ 21.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ላዩ ክብ ቢሆንም ለውድድር የሚሠራው ኳስ በውስጡ ብዙውን ጊዜ ክብ ያልሆነ እምብርት አለው። ይህን እምብርት እንደ ቅል ረዘም ያለ አድርጋችሁ ብታስቡት አትሳሳቱም። ኳሱ በእምብርቱ ርዝመት ዙሪያ ሲዞር እንደ መጀመሪያው ዱላ ይቀለዋል፤ በአግድሙ ሲዞር ይከብደዋል። ልዩነቱ ጥቂት ነው። የአሜሪካ የቦውሊንግ ኮንግረስ ደንብ ይህን የሚለካው «ራዲየስ ኦፍ ጋይሬሽን» በተባለው ልኬት ሲሆን፣ በከባድ ኳሶች ላይ በሁለቱ ዛቢያዎች መካከል የሚፈቀደው ልዩነት ከ1.5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይህች ጥቂት ልዩነት ግን የኳሱን ጉዞ ለመለወጥ ትበቃለች።

ታዲያ የጣቶቹ ቀዳዳዎች ሚና ምንድን ነው? ብዙዎች ቀዳዳው ከኳሱ ክብደት ስለሚቀንስ ይመስላቸዋል። ይህ ድርሻው ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ በከባድ ኳስ ተቃራኒ ጎኖች መካከል 85 ግራም ያህል የክብደት ልዩነት ይፈቅዳል፤ ለሚዛን ብቻ የሚበሳውን ተጨማሪ ቀዳዳ ግን ከልክሏል። ዋናው ነገር ሌላ ነው። ቀዳዳዎቹ እጅ ኳሱን የት እንደሚይዝ ይወስናሉ፤ አያያዙ ደግሞ ኳሱ ከእጅ ሲወጣ በየትኛው ዛቢያ ዙሪያ እንደሚሽከረከር ይወስናል። ስለዚህ ባለሙያው ኳሱን ሲበሳ የሚመርጠው በዚህ ዛቢያና በእምብርቱ መካከል ያለውን ማዕዘን ነው።

ማዕዘኑ 0 ወይም 90 ዲግሪ ከሆነ ዛቢያው ከሞላ ጎደል ይረጋል። ኳሱ በዞረ ቁጥር ወለሉን የሚነካው በአንድ ክብ መስመር ብቻ ነው። ማዕዘኑ 45 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ማለትም በኳሱ ገጽ ላይ ሲለካ 8.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ሲኖር፣ ዛቢያው በኳሱ ውስጥ ቦታውን እየቀየረ ይሄዳል። የዚህ የሒሳብ መሠረት በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሌዮንሃርድ ኦይለር ሥራዎች የተጣለ ነው።

ይህ በወለሉ ላይ ምን ያስከትላል? ከመወርወሪያው መስመር እስከ መጀመሪያው ፒን ያለው ርቀት 18.29 ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ዘይት ይቀባል፤ የቀረው ደረቅ ነው። ዛቢያው የረጋ ኳስ በዘይት የተነካውን መስመሩን ደጋግሞ ወለሉ ላይ ያሳርፋል። ዛቢያው የሚንቀሳቀስ ኳስ ግን በየዙሩ ያልተቀባ ንጹሕ ገጹን ያቀርባል። ስለዚህ ሰበቃው ይበረታል፤ ደረቁ ወለል ላይ ሲደርስም ወደ ፒኖቹ ይበልጥ አጥብቆ ይታጠፋል። ይሁንና አቀማመጡ ብቻውን ሁሉን አይወስንም። የኳሱ ገጽ ሻካራነት ከእርሱ የሚበልጥ ድርሻ አለው፤ የተጫዋቹ ፍጥነትም መዘንጋት የለበትም።

ይህን ዛሬ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ተማሪዎቻችን የሞመንት ኦፍ ኢነርሻን ቀመር በቃላቸው ይወጣሉ። እኩል የሚመዝኑ ሁለት ኳሶች አቅርቤ «የትኛው ይታጠፋል?» ብዬ ስጠይቅ ግን ብዙዎቹ ወደ ሚዛን ይሮጣሉ። ሚዛኑ አይመልስላቸውም፤ የአረጋዊው ድንጋይም ቢሆን ግማሹን ብቻ ነው የሚመልሰው። የቀረውን ለማወቅ ኳሱን በተለያዩ ዛቢያዎች ዙሪያ አሽከርክሮ መለካት ያስፈልጋል።

ያ ጓደኛዬ ዛሬም በላስታ ይኖራል። በየገናው ስንገናኝ ስለዚያ ሩር ያነሣብኛል፤ እኔም በየዓመቱ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እናንተም በቤተ ሙከራ ውጤታችሁ ሲያፈነግጥ፣ ለካውን ሰው ከመውቀሳችሁ በፊት የሚለካውን ነገር አገላብጣችሁ መርምሩ።