በንግግር ማከም፦ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ለቱርሚ ሰው

ሰኞ በደቡብ ኦሞ የቱርሚ ገበያ ቀን ነው። የሐመር ሴቶች ማርና ማሽላ ይዘው ከየመንደሩ በእግር ይመጣሉ። ከእነሱ አንዷ ጤና ጣቢያ ጎራ ብላ «ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ፣ እህል አልበላ ብሎኛል» ብትል መጀመሪያ ደሟ ይመረመራል። ወባም ሌላም በሽታ ካልተገኘባትስ? የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፤ መድኃኒት ያዛል። የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ባለሙያ ግን በአብዛኛው መድኃኒት አያዝም፤ ጠይቆና አዳምጦ ችግሩን ይለያል፣ በንግግርና በልምምድ ያክማል። ሙያው ስሙን ያገኘው ከላይትነር ዊትመር ነው። ይህ አሜሪካዊ በ1896 እ.ኤ.አ. በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሥነ ልቦና ክሊኒክ ሲከፍት በብዛት የተቀበለው ትምህርት የከበዳቸውን ልጆች ነበር።

የሕክምናው መንገድ ብዙ ነው። ከፍሮይድ የመነጨው በልጅነት የደረሰንና ሳይወጣ የቀረን ሐዘን ይፈልጋል። የባህሪ ሕክምና የሚያስፈራውን ነገር ቀስ በቀስ ያለማምዳል። ሳይካትሪስቱ አሮን ቤክ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስጀመረው ደግሞ ሐሳብን ይመረምራል። ከብቶቿ በድርቅ ያለቁባት ሴት «ከእንግዲህ ለማንም አልረባም» ብትል ባለሙያው አይከራከራትም። ሐሳቡ መቼ መቼ እንደሚመጣባት፣ በመጣባት ጊዜ ምን እንደምታደርግ፣ እውነት ስለመሆኑ ምን ማስረጃ እንዳላት አብሯት ይፈትሻል። ከዚያ ትንሽ የቤት ሥራ ይሰጣታል፤ ለምሳሌ መሄድ ወደተወችው የጎረቤት ቡና በዚህ ሳምንት አንድ ቀን እንድትሄድ። ሳይኮሎጂስቱ ካርል ሮጀርስ በበኩሉ ሰው ሳይፈረድበት መደመጡ ራሱ ፈውስ አለው ይላል።

ለሐመር ቅርብ ሆኖ የሚታየኝ ግን ቤተሰብን በሙሉ ይዞ የሚያክመው ነው። እዚያ ጠዋት በቅል ቡና ሲጠጣ አባወራው ከአፉ ቡናውን እፍ እያለ ለሰውም ለከብትም ባርጆን፣ ማለትም በረከትንና ደኅንነትን ይጠራል። ይህ ሥርዓት የንግግር ሕክምናን አይተካም፤ ነገር ግን ታካሚዋ ከዚህ ቡና ርቃ እንደሆነ የማይጠይቅ ባለሙያ ብዙ ያመልጠዋል።

ትልቁ እንቅፋት ቋንቋ ነው። ሕክምናው ንግግር ከሆነ በሐመርኛ መሆን አለበት። የባሏ ወንድም እያስተረጎመላት የትዳሯን ጭንቀት የምትናገር ሴት የለችም። መፍትሔው የአካባቢውን ሰው ማሠልጠን ሊሆን ይችላል። በዚምባብዌ ሳይካትሪስቱ ዲክሰን ቺባንዳ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰፈር አሮጊቶችን አሠልጥኖ ሰው በአግዳሚ ወንበር ላይ እንዲያማክሩ አደረገ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም የታካሚዎቹ ጭንቀትና ድብርት መቀነሱን አረጋገጠ። ይህ ለደቡብ ኦሞም ይሠራል ብዬ አምናለሁ። በጂንካም ሆነ በአዲስ አበባ ሥልጠና የምታዘጋጁ ሁሉ ሐመርኛ ተናጋሪ ሴቶችን አስቀድማችሁ አሠልጥኑ።